መንግስቱ ኃይለማርያም ቢመለስ ምን ይጠብቀዋል? "ይርጋ አልፎታል" ለምትሉ

ሌላም ሰው እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ባለፈው ቅዳሜ አያትሽ ቤት ቡና ላይ አጎትሽ "የመንጌ ኬዝ አልቋል፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው ይርጋ (ጊዜው ሲያልፍ ክስን ወይም ቅጣትን የሚያስቀር የሕግ ገደብ) ያግደዋል፣ እነ ፍቅረሥላሴ ተፈተዋል፣ ጣልያን ኤምባሲ የነበሩትም ወጥተዋል፣ እሱም ነገ ተነስቶ ቢመጣ ማንም አይነካውም" አሉ። አያትሽ ደግሞ በ70 ዓ.ም ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ያጡ ናቸውና ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሱ፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ተበተነ። አንቺም ማን ነው ልክ ብለሽ ጠየቅሽ፣ በዛ ላይ ሰውዬው መጥቶ "በሌለሁበት ነው የተፈረደብኝ፣ እንደገና ልከራከር" ቢልስ አልሽ።

እኔ እዚሁ ጎንደር የወንጀል ጉዳይ የምይዝ ጠበቃ ነኝ። የደርግ ፋይሎች ላይ ተማሪ እያለሁ የመመረቂያ ፅሁፍ ሰርቻለሁ፣ ከዛ ወዲህም አልለቀቀኝም። ከየትኛው ወገን ነው እንዳትዪኝ ደግሞ አስቀድሜ ልንገርሽ፣ የኔ አጎት የደርግ ወታደር ሆኖ ሰሜን ጦር ግንባር የቀረ ነው፣ በዛው ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሁለት ልጆቻቸውን ቀይ ሽብር የበላባቸው እናት ነበሩ፣ ሁለቱም ቤት እየበላሁ ነው ያደግሁት።

አጎትሽ የተናገሩት እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ሲታይ እውነትነት አለው፣ አትሳቂባቸው። ሕጉ ላይ ሠላሳ ዓመት የሚል አለ፣ የደርጉ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እነ ፍቅረሥላሴ ወግደረስ ተፈተዋል፣ ደርግ ሲወድቅ ጣልያን ኤምባሲ ተጠግተው የነበሩት ባለስልጣናትም ወጥተዋል። ችግሩ ሶስቱን ገጣጥመው የደረሱበት ድምዳሜ ነው። መንግስቱ ዛሬ ቦሌ ቢወርድ የሚጠብቀው የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘ የሞት ፍርድ ነው፣ ከዛ በመለስ የለም። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

ታሪኩን የማታውቁ ልጆች ስላላችሁ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። መንግስቱ ሆለታ የሰለጠነ መኮንን ነበር፣ ሐረር ሶስተኛ ክፍለ ጦር ነው የነበረው፣ በ1966 ሰኔ ላይ ከየክፍሉ ተመርጠው አዲስ አበባ ከተሰበሰቡት አንዱ ሆነ፣ ያ ስብስብ ነው ደርግ የተባለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ሕዳር 14 ስድሳዎቹ ባለስልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፣ ጥር 26 ቀን 1969 ሊቀመንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከነጓዶቻቸው ተገደሉና ስልጣኑ ጠቅልሎ እሱ እጅ ገባ። በዛው ዓመት ሚያዝያ ላይ አብዮት አደባባይ ቀይ ነገር የተሞላ ጠርሙስ እየወረወረ የሰበረባት ቀን አለች፣ ቪዲዮዋን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፕሬዝዳንት የሚለውን ማዕረግ ያገኘው ግን በኋላ ነው፣ በ1980 ዋዜማ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሰረት። የጎንደሩን ደግሞ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና አስተዳዳሪ የነበረውን ሻለቃ መላኩ ተፈራን በተመለከተ እናቶቻችን የገጠሙትን ስንኝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እሱን አልደግመውም፣ ለቅሶ ነው። (መላኩም ታስሮ ፍርድ ቤት ቆሟል፣ እሱን ሌላ ቀን።)

ግንቦት 13 ቀን 1983 ወደ ብላቴ ማሰልጠኛ ጦር ልጎበኝ ነው ብሎ አይሮፕላን ላይ ወጣ፣ አይሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ፣ ከዛ ሀራሬ። የዚምባብዌው ፕሬዝዳንት ሙጋቤ ተቀበሉት፣ ለዚምባብዌ ነፃነት ትግል ደርግ ያደረገው እርዳታ ውለታ ሆኖ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢልኝ፦ በዛች ሳምንት ያልሸሹት አብዛኞቹ ባለስልጣናት ተያዙ፣ ማለትም የእስራቸው ቆጠራ የጀመረው 1983 ላይ ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክሱን የመሰረተው በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ነው። ዋናው ችሎት ታህሳስ 4 ቀን 1987 ተከፈተ፣ አንደኛ ተከሳሽ ኮሎኔል መንግስቱ ኃይለማርያም፣ በሌለበት። በአጠቃላይ በሀገሪቱ በልዩ ዐቃቤ ሕግ የተከሰሰው ሰው 5,198 ነው፣ ከዛ ውስጥ 2,952ቱ በሌሉበት ነው የተከሰሱት። ከግማሽ በላይ! እና "እሱ ብቻ ተለይቶ በሌለበት ተፈረደበት" የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። ክሱ የዘር ማጥፋት ነው። ገና ቃሉን ስትሰሚው "የማንን ዘር?" ትያለሽ፣ አይደል? አጎትሽም እንዲህ ሳይሉ አይቀርም፣ እኔም አንደኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ አስተማሪዬን ይሄንኑ ነው የጠየቅኳቸው። ኢሕአፓ ዘር አይደለም፣ መኢሶን ዘር አይደለም፣ ሁለቱም የፖለቲካ ድርጅቶች ናቸው፣ የገደለውም የተገደለውም አንድ ሰፈር ያደገ የአንድ ሀገር ልጅ ነው። የ1948ቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የተባበሩት መንግስታት ስምምነትም የሚጠብቀው ብሔርን፣ ጎሳን፣ ዘርንና ሃይማኖትን ብቻ ነው፣ የፖለቲካ ቡድን የሚል የለበትም። ኢትዮጵያ ደግሞ ያንን ስምምነት ከዓለም ቀድማ ያፀደቀች ሀገር ናት። ግን የራሷን ሕግ ስታወጣ፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ፣ የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረች። ማለት ጃንሆይ ያወጡት ሕግ ከዓለሙ ሰፋ ያለ ነበር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው። መንግስቱ የተከሰሰው በዛ ሕግ ነው፣ እሱ ደርግ ሲገባም፣ ጠርሙሱን ሲሰብርም ሲሰራ በነበረ ሕግ፣ ስለዚህ "በኋላ በወጣ ሕግ ነው የተፈረደበት" የሚባለው አያስኬድም። የአማርኛው ቃል ነው ጉድ የሰራን፣ "ዘር" የሚለው ቃል ሰውን ወደ ብሔር ይወስደዋል እንጂ አንቀጹ ውስጥ ያለው ነገር በአንድ ቡድንነቱ ተለይቶ የሚጠፋ ሕዝብ ነው። በ1996 የወጣው አዲሱ ሕግም ይሄን አልተወውም፣ አንቀጽ 269 ላይ የፖለቲካ ቡድን አሁንም አለ።

የተከሳሾቹ ጠበቆች ዝም አላሉም በርግጥ። ይሄ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ጋር ይጋጫል፣ ደግሞም እኛ መንግስት ነበርን፣ የሀገር መሪ አይከሰስም ብለው ተቃወሙ፣ ፍርድ ቤቱ በ1988 መጀመሪያ ላይ መቃወሚያውን ጥሎ ክርክሩ ቀጠለ። ፍርዱ ሲሰጥም ዳኞቹ አንድ ድምፅ አልነበሩም። አንዱ ዳኛ ተለዩ፣ ደርግ ራሱ ባወጣቸው አዋጆች ለፖለቲካ ቡድን የነበረው ጥበቃ ተሽሯል፣ ስለዚህ ጥፋተኛ መባል ያለባቸው በከባድ ሰው ግድያ በአንቀጽ 522 ነው እንጂ በዘር ማጥፋት አይደለም አሉ። ልብ በይ፣ ንፁህ ናቸው አላሉም! ነፍሰ ገዳይ ናቸው ነው ያሉት፣ የወንጀሉ ስም ላይ ነው የተለዩት። ይሄን ልዩነት ቆርጠው "ዳኛው ራሱ ነፃ ብሎታል" እያሉ ቲክቶክ ላይ የሚለቁ ሰዎች አሉ፣ ሲያናድዱኝ። እኔ በበኩሌ ልዩነቱ የማይናቅ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ ግን አልቀበለውም፣ ምክንያቱም አንድ መንግስት የሚገድለውን ቡድን ጥበቃ በራሱ አዋጅ አንስቶ ገድሎ ሲያበቃ ያንን አዋጅ መከላከያ አድርጎ እንዲያቀርብ ከተፈቀደለት ሕግ የሚባል ነገር ምን ይሰራል።

በቃ፣ ታህሳስ 3 ቀን 1999 ጥፋተኛ ተባሉ፣ ከሰባ በላይ ተከሳሾች ውስጥ ነፃ የወጣው አንድ ብቻ ነው። ክሱ ከተከፈተ አስራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው፣ መሀል ላይ እስር ቤት የሞቱም አሉ። ጥር 3 ቅጣቱ ተነገረ፣ ለመንግስቱ እድሜ ልክ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይሄን ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ ያቆማል። ዐቃቤ ሕግ ግን ይግባኝ ጠየቀ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 እድሜ ልኩን ሽሮ ሞት ፈረደ። እስካሁን ያለው ፍርድ እሱ ነው።

ወደ ይርጋው ልግባ። አጎትሽ ሠላሳ ዓመት ያሉት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በወንጀል ሕጋችን የተፈረደ ቅጣት ሳይፈፀም ሲቆይ ይርጋ አለው፣ ለሞትና ለእድሜ ልክ ሠላሳ ዓመት ነው። እሳቸው የቆጠሩት ከሸሸበት ከ1983 ነው፣ 2013 ላይ ሞላ አሉ። ይርጋው ግን የሚቆጠረው ከሽሽት ሳይሆን ከፍርዱ ነው፣ ፍርዱ የመጨረሻ የሆነው 2000 ላይ ነው፣ በተራው ሕግ እንኳን ብንሄድ ገና 2030 ላይ ነው የሚሞላው። ተራው ሕግ ደግሞ እዚህ ቦታ የለውም፣ የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 28 ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርን፣ ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋ አይታገዱም ይላል። ክርክር የሚወድ ጠበቃ "እሱ ስለ ክስ እንጂ ስለ ቅጣት አፈፃፀም አይልም" ሊልሽ ይችላል፣ ይበል፣ 2030 ሲደርስ እንከራከራለን። ሰውዬው ያኔ መቶ አንድ ዓመት ይሞላዋል፣ የተወለደው 1929 ነው ይባላልና።

ከዚሁ አንቀጽ ሳንወጣ፣ እነ ፍቅረሥላሴ እንዴት ተፈቱ ለሚለው መልሱ እዚሁ አለ፣ ብዙ ጋዜጠኛም ይሳሳትበታል። አንቀጽ 28 እነዚህ ወንጀሎች በምህረትም በይቅርታም አይታለፉም ይላል። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ንዑስ አንቀጽ ሁለት ላይ ግን ትንሽ መስኮት ይከፍታል፣ ሞት የተፈረደበትን ሰው ርዕሰ ብሔሩ ቅጣቱን ወደ እድሜ ልክ ሊያሻሽልለት ይችላል። ይቅርታ ግን አይደለም፣ ወንጀለኛነቱ እንዳለ ሆኖ ገመዱን ብቻ ማንሳት ነው። የሃይማኖት አባቶች ለመኑ፣ ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ግንቦት 2003 ላይ የ23 የደርግ ባለስልጣናትን ሞት ወደ እድሜ ልክ ቀየሩ። እድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት ከታሰረ በአመክሮ መፈታት ይችላል። አሁን ያዢልኝ ያልኩሽን አምጪ፦ ከ1983 እስከ 2003 ስንት ነው? ልክ ሃያ። ለዛ ነው በ2004 መስከረም ብዙዎቹ ከቃሊቲ የወጡት። "መንግስት ይቅር አላቸው" ሳይሆን ቆጥረው ጨረሱ ነው። ጣልያን ኤምባሲ የነበሩት ሌተናል ጄኔራል አዲስ ተድላና ብርሃኑ ባይህም በ2013 ታህሳስ በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት፣ መጀመሪያ ሞቱ ወደ እድሜ ልክ ተቀየረ፣ ከዛ ፍርድ ቤት በአመክሮ ለቀቃቸው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ከአንድ ግቢ ሳይወጡ ያረጁ ሰዎች ናቸው፣ ያንን ሀራሬ ጋንሂል በሚባል የባለፀጋ ሰፈር ቤት ተሰጥቶት ጠባቂ ተመድቦለት ከኖረ ሰው ጋር አንድ ማድረግ አይቻልም።

መንግስቱ ከ23ቱ ውስጥ አልነበረም። ነገ ሞቱ ወደ እድሜ ልክ ቢቀየርለት እንኳ ሃያው ዓመት የሚጀምረው እስር ቤት ከገባበት ቀን ነው፣ እስካሁን የታሰረው ዜሮ ቀን ነው፣ በሱ እድሜ ሂሳቡን አንቺው ስሪው። ሞቱ ባይቀየርም ግን ነገ ጠዋት ይረሸናል ማለት አይደለም፣ ርዕሰ ብሔሩ ሳያፀድቀው የሞት ቅጣት አይፈፀምም፣ በሀገራችን ደግሞ ከ1999 ወዲህ በፍርድ ቤት የተወሰነ ሞት ሲፈፀም አልታየም። እንዲሁ እንደተንጠለጠለ እስር ቤት ያረጃል ማለት ነው፣ የኔ ግምት እሱ ነው።

"በሌለሁበት ነው" ቢልስ ላልሽው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መብቱ አለ። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በሠላሳ ቀን ውስጥ ፍርዱ ይነሳልኝ ብሎ ለዛው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ምክንያቱ ግን ከሁለቱ አንዱ መሆን አለበት፣ ወይ መጥሪያ አልደረሰኝም፣ ወይ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከለከለኝ። አሁን እስቲ ዓለም ሁሉ በሬዲዮ የሰማውን ፍርድ፣ ከሀራሬ ሆኖ ቃለ ምልልስ ሲሰጥና መፅሐፍ ሲያሳትም የኖረ ሰው አልሰማሁም ቢል የትኛው ዳኛ ነው ሳይስቅ የሚያዳምጠው፣ ሠላሳ ቀኑ ድሮ አልቋል። ከአቅም በላይ የሚለውንም አየሁት፣ "ብመጣ እታሰር ነበር" ከአቅም በላይ ምክንያት ከሆነ ተከሳሽ የሚባል ሰው ችሎት አይቀርብም። እኔ ጠበቃው ብሆን (አልሆንም፣ አያትሽ ቡና አያጠጡኝም) በዚህ በኩል አልገባም፣ እድሜና ጤና አንስቼ ወደ አንቀጽ 28 ሁለት ነው የምሄደው።

እንግዲህ ሕጉ ይሄን ያህል ግልፅ ከሆነ ለምን አልመጣም? ያገደው ሀራሬ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የሸሸን ሰው አሳልፎ መስጠት በወረቀት የፍርድ ቤት ጉዳይ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ግን የሚኒስትርና የፕሬዝዳንት ፍላጎት ነው። ኢትዮጵያ ጠይቃለች፣ ሙጋቤ እንግዳዬ ነው አሉ። በ1992 ለህክምና ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ለትንሽ አምልጧል፣ ኢትዮጵያ ይያዝልኝ ብላ ስትጠይቅ እሱ ተመልሶ ሀራሬ ገባ። ከዛ በፊት በ1988 ጥቅምት ሀራሬ ውስጥ ሊገድሉት ሞክረው ነበር፣ ከዛ ወዲህ ጥበቃው ጠበቀ። ሙጋቤ በ2010 ሲወርዱ አለቀለት ያልን ብዙ ነን፣ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም በዛው ክረምት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ኃይለማርያም ደሳለኝ ሀራሬ ላይ አግኝተውት አብረው የተነሱት ፎቶ ወጥቶ ሀገር ተንጫጫ። የሞት ፍርድ የተወሰነበትን ሰው፣ ያውም ፍርዱ በእሳቸው ስልጣን ዘመንም የፀና ሆኖ፣ አግኝቶ ፎቶ መነሳት፣ ምን እንደምል አላውቅም። አሁን ደግሞ ሌላ እንቅፋት ተጨምሯል፣ ዚምባብዌ በ2017 ታህሳስ የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰርዛለች። ሞትን የሰረዘ ሀገር ሞት ወደተፈረደበት ቦታ ሰው መስጠት ይከብደዋል፣ አይገደልም የሚል ማረጋገጫ ይጠይቃል። የሚገርመው ነገር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያከበደው ቅጣት ዛሬ ለመንግስቱ ጋሻ ሊሆንለት ይችላል ማለት ነው፣ እድሜ ልኩ ቢፀና ኖሮ ይሄ ሰበብ አይኖርም ነበር።

ሄግ ያለው የዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤትስ የምትሉ፣ እሱ የሚያየው በፈረንጆቹ ከ2002 ወዲህ የተፈፀመን ነው፣ አይመለከተውም። ግን በዛችው ሆላንድ፣ በራሷ ፍርድ ቤት፣ እሸቱ ዓለሙ የሚባል ጎጃም ላይ የደርግ ሹም የነበረ ሰው በ2010 ታህሳስ በጦር ወንጀል እድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ወንጀሉ ከተፈፀመ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል! እና ዚምባብዌን ለቆ አውሮፓ ለመታከም ቢያስብ እንኳ ቀላል አይሆንለትም።

ካሳን በተመለከተ ሌላ ሰው ጠይቆኛል፣ ባጭሩ፦ የፍትሐ ብሔሩ ይርጋ ሁለት ዓመት ቢሆንም ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ በዛ ይሄዳል፣ ስለዚህ በወረቀት በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከየትኛው ንብረቱ ነው የምትወስዱት የሚለው ላይ ነው እኔ የምፈዘው።

አያትሽን ግን እንዲህ በያቸው፣ የወንድማቸው ስም በአንዱ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ክሶቹ ደረቅ ያለ "ብዙ ሰው ተገደለ" የሚሉ አይደሉም፣ የተገደለው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው እየተዘረዘረ ነው የቀረቡት። ሁሉም ደግሞ አዲስ አበባ አይደለም የታየው፣ በክልላችን የተፈፀሙ ጉዳዮች በውክልና የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ታይተዋል። የሟቹን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ይኖሩበት የነበረውን ቀበሌ በድሮ ስሙ፣ የተያዙበትን ወርና ዓመት ፅፈሽ አምጪልኝ፣ ፎቶ ካላቸው ኮፒ አድርጊው፣ ዋናውን ከእጃቸው እንዳትወስጂ። ከማክሰኞ በስተቀር ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ፣ ማመልከቻውን እኔ እፅፈዋለሁ፣ ሂሳብ የለውም። አጎትሽንም ይዘሻቸው ነይ፣ ውሳኔውን ራሳቸው ያንብቡት።